የአቶ ናንካሮው ችኮላ

በባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ ከተማ ሁሉ የራሷ ቀርፋፋ ጠበቃ አላት። ሐኪም የሌላት ከተማ አውቃለሁ። ባንኳ ተዘግቶ ሻይ ቤት የሆነባት ከተማ አውቃለሁ። ዓሣ የሌላት የዓሣ አጥማጆች ከተማም አለች፤ እኛው ነን። ክራቫቱ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የማይጠፋ፣ የቤት ስም ዝውውር ይዞ ገዢንም ሻጭንም የሚያስረጅ ጠበቃ የሌላት ከተማ ግን በእንግሊዟ ኮርንዋል ምድር አላየሁም። ካለችም ሰው አይኖርባትም።

የእኛ የፖርትሄላን ጠበቃ ክቡር አቶ ዲጎሪ ናንካሮው ይባላሉ። «ክቡር»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ይህን ያህል ሕዝብ አስጠብቆ ሳይደበደብ ከኖረ ክብር ይገባዋል ብዬ። ቢሯቸው ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ጠማማ ስለሆነ ወፈር ያለ ባለጉዳይ በጎኑ ነው የሚወጣው። ላይ ሲደርስ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ወደቡን ቁልቁል የሚያሳይ መስኮትና በመስኮቱ የሚመለከቱ አቶ ናንካሮው ይጠብቁታል። «የቤቴ ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይደርሳል። ቤት እንደሆነ እግር የለው።»

ቤት እግር የለውም፤ ሰው ግን ዕድሜ አለው። ዳቦ ጋጋሪው ፔትሮክ ቤት ሊገዛ የተነሣው ቀለበት ባሰረ ሰሞን ነው። ቁልፉን ሲረከብ በሩን የከፈተው የመጀመሪያ ልጁ ነው ይባላል። ሊፋቱ ቤታቸውን ለሽያጭ ያቀረቡ ባልና ሚስትም ነበሩ። ጉዳዩ አቶ ናንካሮው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ተኝቶ፣ እነሱ ታርቀው፣ ሦስተኛ ልጅ ወልደው፣ «ኧረ ያ ሽያጭ ይቅርብን» ብለው መጡ። ይህን ከውለታ ልቁጠረው ከጥፋት እስካሁን አልወሰንኩም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በአቶ ናንካሮው ቢሮ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ፣ ደክሞት ተመልሶ ተኝቷል።

እንዲህም ሆኖ አንድ ሰው ቤት ሊገዛ ነው ሲባል ከተማው በሙሉ «ወደ ናንካሮው ሂድ» ነው የሚለው። የሚያሟቸውም እነሱ፣ የሚመክሩትም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ቤቴ እላለሁ እንጂ ያኔ የእኔ አልነበረም።

የተወለድኩት ከወደቡ አፍ፣ አለት ተደግፎ በቆመ ጠባብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሳይመን ትሬጊር ሲሞት መጀመሪያ ጀልባው ተሸጠ፣ ቀጥሎ ቤቱ። የገዙት ከለንደን ወገን የመጡ ሰዎች ናቸው። በበጋ መጥተው በበጋ የሚሄዱትን እኛ «ጉንዳን» እንላቸዋለን። ስድብ ነው፤ ግን ስለቆየ ማንንም አያምም። እናቴ እኔንና እህቴን ይዛ ኮረብታው ላይ ወዳለው የማዘጋጃ ቤት ሰፈር ወጣች። አድጌ ሳገባ ከወደቡ ማዶ፣ ከድንች መጥበሻው ቤት በላይ ተከራየሁ። መስኮቴን ስከፍት ፊት ለፊቴ ያ ቤት ነው። ክረምቱን ሙሉ መብራት አይበራበትም፤ እኔ ግን በየምሽቱ አየው ነበር።

የባሰው ደግሞ፣ ጉንዳኖቹ ቤት የሚያጸዳላቸው ሰው ሲፈልጉ ያገኙት እኔን ነው። ስለዚህ ለዓመታት ቁልፉ በኪሴ ነበር፤ ቤቱ አልነበረም። እናቴ ዓሣ የምትጠብስበት ምድጃ ላይ የሌላ ሰው አበባ ተቀምጦ አበባውን ውሃ አጠጣለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ፤ የእኔ ላም እንኳ ሰማይ ላይ አልነበረችም፣ ዓርብ ዓርብ አጥባት ነበር። ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ልጅ ሆኜ እተኛባት በነበረችው ትንሽ ክፍል ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ምንም አላደርግም። ትንሽ ቆይቼ ተነሥቼ አንሶላውን አስተካክላለሁ። ይህን ለባሌ ለክላይቭ እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። ናፍቆት በዚያ ዕድሜ ያሳፍራል።

ከገና በኋላ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ፌርኸርስት ደወሉልኝ።

«ሎዌና፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው። መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «እስከ ፋሲካ ውል ከተለዋወጥን ያንቺ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ደላላው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሌላ ሰው አለው። ልጆቼ አይታገሡኝም።»

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በእንግሊዝ አገር ውል እስኪለዋወጡ ድረስ የሰው ቃል ቃል ብቻ ነው። ሻጭ በማግስቱ ሐሳቡን ቢቀይር ማንም አይጠይቀውም። ባንኩ ብድሩን የሚለቅልኝ፣ ወይዘሮ ፌርኸርስትም የሚፈርሙልኝ ጠበቃዬ ወረቀቱን በጊዜ ካደረሰ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ ካሉ ጠበቆች አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

ክላይቭ የስዊንደን ሰው ነው። ስዊንደን ውስጥ ባቡር በሰዓቱ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ይመጣል ብሎ ያምናል። ስልኩን አውጥቶ ትልቅ ከተማ ያለ የጠበቆች ድርጅት አሳየኝ።

«ተመልከቺ፣ ሁሉም ነገር በስልክ ነው። አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር አረንጓዴ ምልክት ይመጣል።»

«ምልክቱን የሚልከው ማነው?»

«ማንም። ራሱ ነው የሚመጣው።»

«ቤቱን መጥቶ ያየዋል?»

«ጠበቃ ቤት ማየት ምን ያደርግለታል? የሚያየው ወረቀት ነው።»

«እኔ ወደ ናንካሮው ነው የምሄደው። እናቴም ስትሸጥ እሳቸው ነበሩ።»

«እናትሽ ቤቱን ያጣችው በሳቸው በኩል ነዋ።»

«እንግዲያው መንገዱን ያውቁታል» አልኩት።

ብልጥ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ያን ጠማማ ደረጃ ስወጣ ግን የሠራሁት ስህተት ይሁን ብልሃት አላውቅም ነበር።

አቶ ናንካሮው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ከሥር ከዳቦ ቤቱ የመጣ ሳፍሮን የሚባል ቅመም የገባበት ቢጫ ዳቦ ለሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ። ስለ እህቴ ጠየቁኝ። ስለ ክላይቭ ጠየቁኝ፤ «ለመደ?» አሉኝ፣ ከመጣ ሃያ ዓመት ያለፈውን ሰው። እኔ ስለ ብድሩ፣ ስለ ፋሲካ፣ ስለ ሌላው ገዢ ሳወራ እሳቸው ፍርፋሪ ይለቅማሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያኔ እዚያ ቤት ስትኖሩ የት ነበር የምትተኚው?»

«ከላይ ትንሿ ክፍል ውስጥ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ታምሲን ማድ ቤት በላይ።»

«እህ» አሉ። «ይደርሳል፣ ሎዌና። ቤት እንደሆነ…»

የቀረውን እኔ ጨረስኩላቸው።

ጥር አለፈ፣ የካቲት ገባ። ቢሯቸው ስደውል ጸሐፊያቸው «ወጥተዋል» ትለኛለች። የት እንደወጡ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ በመስኮቴ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ቤቱን ያያሉ። ሌላ ቀን ግድግዳውን በከዘራቸው ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ሐኪም የበሽተኛ ጀርባ እንደሚመታ። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ የጎረቤቷን የእትዬ ታምሲን ፓስኮን በር አንኳኩተው ይገባሉ፣ ከሰዓቱ እዚያው ያልቃል፣ አፋቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ።

«ጠበቃሽ ሻይ ላይ ነው» ይለኛል ክላይቭ ከመስኮቱ። «ዛሬ ኬክም ያለ ይመስለኛል። ቶሎ አልወጣም።»

ደላላውም ይደውላል። ድምፁ ማር ነው። «ያ ሰውዬ ዛሬም ጠይቆኝ ነበር። አላስቸኩልሽም፣ እንድታውቂው ያህል ነው።» እንዲህ ያለው ሰው ነው የሚያስቸኩለው።

እንቅልፍ አጣሁ። ያን ቤት ማጣት አንድ ጊዜ ችዬዋለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ እጄን ይዘው አወጡኝ። የሁለተኛው ይከፋል። በራሴ እግር ሄጄ ቁልፉን ለአዲሱ ሰውዬ ማስረከብ አለብኝ፤ ምናልባትም ዓርብ ዓርብ ላጸዳለት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ተነሥቼ መስኮቱን እከፍት ነበር።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። ሳልደውል ደረጃውን ወጣሁ።

«አቶ ናንካሮው፣ ፋሲካ ደረሰ እኮ።»

«ዘንድሮ ቶሎ መጣ» አሉ፣ ያለ ቀጠሮ የመጣ ባለጉዳይ ይመስል።

«እርስዎ ደግሞ እትዬ ታምሲን ቤት ሻይ ይጠጣሉ። ከተማው በሙሉ ያያል።»

«እሱም ሥራ ነው።»

«ለማን?»

በሩን ዘጉ። ይህን ሲያደርጉ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ከዚያ የቤቱን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በጣታቸው ቀዩን መስመር ተከተሉ። ቀዩ መስመር የቤቱ ድንበር ነው።

«የምትተኚባት ክፍል የት አለች?»

ፈለግሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ክፍሏ መኖር ያለባት ከመስመሩ ወዲያ ነው።

«የለችም» አልኩ።

«የለችም። የእናንተ ሆናም አታውቅም። አያትሽ ልጅ ሲበዛባቸው የእትዬ ታምሲን አማት፣ ሽማግሌው ፓስኮ፣ ‹ከማድ ቤቴ በላይ ያለችው ክፍል ባዶ ናት፣ ግድግዳውን አፍርስና ውሰዳት› አሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሆነው በመዶሻ በናንተ በኩል ከፈቱት፣ በነሱ በኩል ደፈኑት። መጠጥ የማይቀምሱ የጸሎት ቤት ሰዎች ስለሆኑ በሻይ አጸደቁት።»

«ወረቀትስ?»

«በጎረቤት ላይ ወረቀት? ስድብ ነበር እኮ። አያትሽ ‹እስቲ ፈርምልኝ› ቢሏቸው ሽማግሌው ክፍሏን ብቻ ሳይሆን ሰላምታቸውንም ይወስዱ ነበር።»

እንዲህ ያለ ጥፋት የሚሠራው የእኛ ሰው ብቻ ነው። ክፍል የሚያህል ነገር ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ልጅ ይወልድበታል፤ በሕግ ዓይን ግን ያቺ ክፍል እስካሁን የእትዬ ታምሲን ናት።

«እናቴ ስትሸጥስ?»

«የሸጠችው ካርታው ላይ ያለውን ነው። ገዢዎቹ የለንደን ጠበቃ ይዘው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ቤቱን አላየም። የእኔ ባለጉዳይ እናትሽ ነበረች፣ እሱ አይደለም። አሁን ግን ባለጉዳዬ አንቺ ነሽ። ባንኩም አንዷ ክፍል በሰው ማድ ቤት ላይ ለተቀመጠች ቤት ያለ ወረቀት አያበድርም።»

ክላይቭ በስልክ ሊይዝ የነበረውን ድርጅት አሰብኩ። አረንጓዴው ምልክት ለዚያች ክፍልም ይመጣላት ነበር፤ ባንኩ እስኪነቃ ድረስ።

«እንግዲያው እትዬ ታምሲንን እንጠይቃቸዋ» አልኩ።

አቶ ናንካሮው ከተማዋን እናቃጥላት ያልኩ ያህል አዩኝ።

ልክ ነበሩ። እትዬ ታምሲን ፓስኮ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ለጠየቃቸው ሰው «እሺ» ብለው አያውቁም። የጸሎት ቤቱ ሰባኪ ለመኸር በዓል ፖም እንዲሰጡ ቢጠይቋቸው «ከጠየቃችሁማ አይሆንም» ብለው ፖሙን ዛፉ ላይ አበሰበሱት። በዓመቱ ማንም ሳይጠይቃቸው በጋሪ ሙሉ አምጥተው ደጁ ላይ ደፉት። ደላላው ቤታቸውን ይሸጡ እንደሆነ ሊጠይቅ ሲያንኳኳ የዕቃ እጣቢ ከመስኮት ወርዶበታል። «አላየሁትም» አሉ በኋላ። መነጽራቸውን አድርገው ነበር።

«እርስዎስ ከምን ደረሱ?» አልኳቸው፣ አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የአየሩን ጉዳይ ጨርሰናል። አሁን ጉልበታቸው ላይ ነን። ከጉልበት ቀጥሎ ሟቹ ባላቸው ይመጣሉ፣ ከባላቸው ቀጥሎ ቤቱ። ዘልለሽ ቤቱ ላይ ከገባሽ ከአየሩ እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

«ፋሲካ ግን…»

«የፊታችን ማክሰኞ አንቺም ነይ። ስለ ክፍሏ ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ዝም አይነቅዝም።»

ከፋሲካ በፊት የቀረችው ያቺ ማክሰኞ ብቻ ነበረች። ክላይቭ «እኔ ሄጄ በአንድ ደቂቃ ልጠይቃቸው» ሲል የቤት ሥራ ሰጥቼው ወጣሁ።

የእትዬ ታምሲን ማድ ቤት ጣራው ዝቅ ያለ ነው። አቶ ናንካሮው ጎንበስ ብለው ገቡ፣ የለመዷት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የለመዱትን ዳቦ አነሡ። እትዬ ታምሲን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ የሳይመን ልጅ፣ ከስተሻል። ያ የስዊንደኑ ባልሽ አያበላሽም?»

«ያበላኛል እትዬ።»

«በክረምትም በቁምጣ ነው የሚሄደው። ሰው እንዴት ቅልጥሙን ለባሕር ንፋስ ያሳያል? ዲጎሪ፣ ዳቦውን ለሷም አቀብላት እንጂ፣ ብቻህን ጨረስከው።»

ጉልበታቸውን አወራን። ባላቸውን አወራን፤ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ እግራቸውን ሳይጠርጉ ይገቡ ነበር። እኔ ጣራውን ላለማየት እየታገልኩ ነው። ከጣራው በላይ ክፍሌ ናት። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ።

«እናትሽ ታጋሽ ነበረች» አሉ እትዬ ታምሲን ድንገት። «ቤቱን የሸጠች ጊዜ ጉንዳኖቹ ለፋሲካ እንገባለን ብለው ነበር። ይሄ ሰውዬ ምን እንዳደረገ ነግሯት ያውቃል?»

«እትዬ ታምሲን፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉ አቶ ናንካሮው።

«አንተ ዳቦህን ብላ። መጀመሪያ የቦዩ ወረቀት ጠፋ አለ። ቀጥሎ የአጥሩን ባለቤት ማጣራት አለብን አለ። ከዚያ ደግሞ ጳጳሱ በቤታችሁ መሐል አህያ የማሳለፍ ጥንታዊ መብት ሳይኖራቸው አይቀርም ብሎ ለንደን ጻፈ። የለንደኑ ጠበቃ አህያውን ሲያጣራ በጋው አለፈ። እናንተ እስከ ሌላው ፋሲካ ቤታችሁ ከረማችሁ።»

«የቦዩ ወረቀት በእውነት ጠፍቶ ነበር» አሉ አቶ ናንካሮው። ፊታቸው ቀልቷል።

«አዎ፣ ኪስህ ውስጥ።»

እኔ ያን ዓመት አስታውሰዋለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ዕቃችን ታስሮ፣ ዛሬ እንወጣለን ነገ እንወጣለን እያልን፣ አንድ በጋና አንድ ገና ተጨመረልን። እናቴ የታሰረውን ድስት እየፈታች ታበስል ነበር። ያን ጊዜ እሷ ስላልቆረጠች ይመስለኝ ነበር። አባቴን ተሰናብቼ የጨረስኩት በዚያ ዓመት ነው፣ በዚያች ክፍል። ለዚያ ዓመት ማንን ማመስገን እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ቅቤ ይቀባል።

«ታዲያ አንተ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እሷም ዛሬ እዚህ የምትሰለፉት ለእኔ ጉልበት አይደለም» አሉ እትዬ ታምሲን። «ክፍሏን ፈልጋችሁ ነው። በይ፣ ጠይቂኝ።»

አቶ ናንካሮው ማኘክ አቆሙ። ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ዝም ብልም ማክሰኞው ሊያልቅ ነው።

«አልጠይቅም» አልኩ። «እኔ የሚናፍቀኝን ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ ስተኛ የእርስዎ ሬዲዮ በወለሉ በኩል ይሰማኝ ነበር። ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ብቻ። ሰው አለ፣ ነቅቷል ማለት ነው ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ሳጸዳ እዚያ እቀመጣለሁ። ይሰማኛል ብዬ ነው የምቀመጠው።»

ቀና ብዬ ጣራውን አየሁት። አልደበቅሁትም።

እትዬ ታምሲን ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሬዲዮው ተበላሽቷል» አሉ። «ባሠራውስ፣ ‹ቀንሺው› ብሎ ወለል የሚደበድብልኝ ማን አለ? ከላይ ዓመቱን ሙሉ ፀጥ ነው። የራሴን እግር እየሰማሁ አረጀሁ።» ከዚያ ወደ አቶ ናንካሮው ዞሩ። «ዲጎሪ፣ ብዕር ይዘሃል ወይስ እሱንም አጣርተህ ታመጣለህ?»

አቶ ናንካሮው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብዕርና የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ተተይቦ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። እኔ መጀመሪያ ደረጃውን የወጣሁ ዕለት የተተየበ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የሚሠራ ነገር አልቀራቸውም ነበር፤ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እትዬ ታምሲን ፈረሙ፣ እሳቸው በምስክርነት ፈረሙ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት።

ውሉን የተለዋወጥነው ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ነው፣ እንደ አገሩ ደንብ በስልክ። ሁለት ጠበቆች የተለመደውን ቃል ተባባሉ፣ ቤቱ የእኔ ሆነ።

የመረከቢያው ዕለት ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ እስኪደርስ ሁሉም ሰው የዕቃ መኪናውን አቁሞ ደጅ ይጠብቃል። እኛም ጠበቅን። «ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ ነው እኮ» አለ ክላይቭ። «ያ የጽዳት ቁልፍ ነው» አልኩት። እኩለ ቀን ሲያልፍ አቶ ናንካሮው ከዘራቸውን ይዘው በወደቡ በኩል መጡ። ለመምጣት እንኳ አልቸኮሉም። አጠገቤ ሲደርሱ «ግቢ» አሉኝ። ወደ ውስጥ አልተከተሉኝም፤ ሳለቅስ እንዳያዩኝ ይመስለኛል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ናፍቆት ልማድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቤት ስትናፍቅ የኖረች ሴት ቤቱን ስታገኝ ናፍቆቱ ሥራ ፈትቶ ዙሪያውን ያያል። እኔም ራሴን ያገኘሁት ከዳቦ ቤቱ በላይ ወዳለው ቢሮ የሚያወጣውን ደረጃ ስናፍቅ ነው። ጉዳዬ አልቋል፣ ለመውጣት ምክንያት የለኝም። በዚህ ላይ የትሩሮ ከተማ አንድ ትልቅ የጠበቆች ድርጅት የአቶ ናንካሮውን ቢሮ ሊገዛ ነው፣ እሳቸውም ጡረታ ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ከተማውን አስጨነቀው። ቀርፋፋ ናቸው ስንል የከረምን ሁሉ አሁን «ማን ሊተካቸው ነው?» እንላለን። የሚያጽናናን አንድ ነገር አለ። የሽያጩን ጉዳይ የያዙት ራሳቸው ናቸው።

እኔ ግን በዚያ ብቻ አልተማመንኩም። አንድ ቀን ወጣሁና «አቶ ናንካሮው፣ ኑዛዜ መጻፍ እፈልጋለሁ። ቤቱ ከእኔ በኋላ ለእህቴ ልጅ እንጂ ለጉንዳን እንዳይሄድ» አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ፣ ዳቦ ገመሱ፣ ወረቀት አወጡ። ቤቱን ጻፍን። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አባቴ ሰዓት ተነጋገርን። ከዚያ ስለ ሳህኖቹ።

ባለፈው ሳምንት መጨረስ ያሰቡ መሰለኝ። ብዕራቸውን አዘጋጅተው «ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አሉ።

«ሳህኖቹን በተመለከተ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» አልኳቸው።

አዩኝ። ብዕሩን አስቀመጡት።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብን ነው» አሉና ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ።